ገና ነው?

ጾመ ነቢያት ከገባ ገና ሳምንቱ ነው። ሰፈራችን ካለው ሱፐርማርኬት በር ላይ ግን በዓሉ ደርሷል። አንድ የፕላስቲክ ጥድ ቆሟል፤ ቅርንጫፎቹ ላይ ጥጥ ተበትኖባቸዋል። ጥጡ በረዶ መሆኑ ነው። ከጥዱ ጎን ቀይ ኮፍያ ያጠለቀ ጥበቃ የገቢውን ሰው ቦርሳ ይፈትሻል። የኅዳር ፀሐይ አናት ይበሳል፤ ከኮፍያው ነጭ ጠርዝ ሥር ላቡ ቁልቁል ይወርዳል። ከውስጥ ድምፅ ማጉያው «ጂንግል ቤልስ»ን ይለቀዋል።

«ወንድሜ፣ አይሞቅህም?» አልኩት።

«ይሞቃል እንጂ! ግን እስከ ጥምቀት እንዳታወልቁ ተብለናል» አለኝ። ትንሽ አሰበና፣ «የእነሱንም የእኛንም አንድ ላይ ለማክበር ነው አሉ» ሲል ጨመረልኝ።

ታዝቤ ብመለስ ጥሩ ነበር። ገባሁ። የጾም ኬክ ገዛሁ። ወደ ሒሳብ መክፈያው ስጠጋ የሚብለጨለጭ መብራት ተደርድሮ አየሁና እሱንም አነሣሁ። እንግዲህ ይህን ትዝብት የምጽፈው ከነመብራቴ መሆኑ ይታወቅልኝ።

መብራቱ ተራ መብራት አይደለም። ከገመዱ ጫፍ የክብሪት ቀፎ የምታህል ሳጥን አለችው። የሳጥኗን ቁልፍ አንዴ ሲጫኗት አምፖሎቹ ቀስ ብለው ይደክማሉ፤ ሁለቴ ሲጫኗት ይሯሯጣሉ፤ ሦስቴ ሲጫኗት ያብዳሉ። ሙዚቃውን የሚያጠፋ ቁልፍ ግን የላትም። ብርሃኑን የፈለገ ጩኸቱንም ይቻል ነው ነገሩ። ድምፅዋ የትንኝ ዘመድ ነው። የምታውቀው ጥቂት ዜማ ነው፤ እሱንም አንዱን ሳትጨርስ ወደ ሌላው ትዘላለች። ኃይል ሲቀንስ ደግሞ ዜማው አብሮ ይዝልና፣ ከግሮሰሪ አምሽቶ እንደሚገባ ሰው ግድግዳ ግድግዳውን እየያዘ ይሄዳል።

እናቴ ለበዓል ከገጠር መጥታ እኔ ጋ ነበረች። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለጸሎት ትነሣለች። በሦስተኛው ቀን ዳዊቷን አጥፋ ጠራችኝ።

«ይሄ ዕቃ ሌሊቱን ሙሉ ምን እያለ ነው የሚያድረው?»

«የገና መዝሙር ነው፣ እማዬ።»

መዝሙር ስላት ነጠላዋን አስተካከለች። «ምን ይላል?»

ተረጎምኩላት። አንድ ጎረምሳ አንድ ፈረስ በሚጎትተው መንሸራተቻ ላይ ተቀምጦ በበረዶ ሜዳ ይፈጥናል፤ ቃጭሉ ይንቃጨላል፤ ይስቃሉ።

«እሺ። ጌታስ?»

«ጌታ የለበትም።»

«እመቤታችንስ?»

«የለችም።»

«እረኞቹም?»

«እረኛም የለ። ያለው ፈረሱ ነው።»

ዝም ብላ አሰበች። «ታዲያ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነዋ!» አለች፣ ነገሩን እንደፈታች ሁሉ።

እኔም መቼ ዝም እላለሁ! «በሁለተኛው አንጓ ላይ አንዲት ቆንጆ ከጎኑ አስቀምጦ ሲጋልብ ከበረዶ ክምር ገብተው ይገለበጣሉ» አልኳት።

«እንግዲያስ ጊዮርጊስ አይደለም» ብላ ዳዊቷን ገለጠች።

እናቴ ሳታውቀው ታላቅ ሂስ ሰጥታለች። ይህን «ጂንግል ቤልስ» የተባለ ዘፈን አሜሪካዊው ጄምስ ፒርፖንት ያሳተመው በ1857 እ.ኤ.አ. ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ ደረስጌ ላይ ከነገሡ ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የመጀመሪያ ርዕሱ ስለ ባለ አንድ ፈረስ ክፍት መንሸራተቻ ነበር። ከዳር እስከ ዳር ቢፈተሽ ገና የምትል ቃል አትገኝበትም። የጎረምሳ ጨዋታ ነው፤ ፈረስ፣ ፍጥነት፣ ኮረዳ፣ መገልበጥ። ዛሬ ቢጻፍ ስለ ሞተር ብስክሌት ይሆን ነበር። ይኸው ዘፈን ዓለምን ዞሮ፣ የክብሪት ቀፎ በምታህል ሳጥን ገብቶ፣ ዳዊት የምትደግም እናቴን ከጸሎቷ ያናጥባታል።

ሳጥኗ ግን አንድ እውነተኛ መዝሙርም ታውቃለች። በ1818 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያ ውስጥ ኦበርንዶርፍ በምትባል መንደር፣ ዮሴፍ ሞር የተባለ ቄስ በጻፈው ግጥም ፍራንዝ ግሩበር ዜማ ሠርቶለት በገና ዋዜማ በጊታር የዘመሩት ነው።

«ይሄኛው እንኳ ድንግልም ሕፃኑም እረኞቹም አሉበት» አልኳት በማግሥቱ፣ ሳጥኗን ላስታርቅ ብዬ። «ርዕሱ ‹ጸጥ ያለች ሌሊት› ነው።»

«ታዲያ ምነው ዝም ቢል!» አለችኝ።

የዚያኑ ቀን መብራቱን ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። «ለበዓሉ ቀን ይሁን» የሚል ትእዛዝ ከበላይ አካል ተላልፎልኛል።

ቤት ውስጥ ጸጥታ ቢሰፍንም ከተማው አልሰማም። ከሥራ ስወጣ ቡና የምጠጣበት ካፌ ፈረንጆቹ ዲሴምበር ከሚሉት ቀን አንድ ጀምሮ ስለ «ነጭ ገና» ያዘፍናል። የዘፈኑ ደራሲ ኢርቪንግ በርሊን በልጅነቱ ከሩሲያ ግዛት ወደ ኒው ዮርክ የተሰደደ አይሁዳዊ ነው። ቢንግ ክሮዝቢ በ1942 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሸክላ ከ50 ሚሊዮን በላይ ቅጂ እንደተሸጠለት ይነገራል። ዘፋኞች አብዛኛውን ጊዜ የሚዘሉት መግቢያ አለው፤ እዚያ ላይ ባለታሪኩ ሎስ አንጀለስ ነው፤ ፀሐይ ላይ፣ ዘንባባ መሀል ሆኖ የልጅነቱን በረዶ ይናፍቃል። ናፍቆቱ ይገባኛል። እሱ ያጣውን ነው የናፈቀ። እኛ የምንናፍቀው ግን ያላየነውን ነው።

እንዲያውም ባናየው የምንመርጠውን ነው። አማርኛችን ከሰማይ ለሚወርደው ነጭ ነገር ሁሉ «በረዶ» ብሎ ያለፈው ወዶ አይደለም። በረዶ ማለት ለእኛ ቆርቆሮ የሚደበድብ፣ አበባ የሚያረግፍ፣ የደረሰ ጤፍ ከመሬት የሚደባልቅ እንግዳ ነው። ታኅሣሥ አውድማ የሚለቀለቅበት፣ እህል የሚወቃበት ወር ነው። ጎጃም ውስጥ ክምሩን ወቅቶ ገና ላላስገባ ገበሬ «ነጭ ገና ያድርግልህ» ብትለው ምርቃት መሆኑን ከማስረዳትህ በፊት ዱላውን ያነሣል። ካፌው ውስጥ ግን አስተናጋጇ ጥዱ ላይ ያለውን ጥጥ በጣቷ እያባዘተች፣ «ዘንድሮ በረዶው ሳሳ» ስትል ሰምቻለሁ። ጥጥ ማባዘቱ እንኳ የራሳችን ሙያ ነው። አያቶቻችን ከዚያው ጥጥ ጋቢ ያወጡ ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው «ላስት ክሪስማስ» ነው። ዋም የተባሉት እንግሊዛውያን በ1984 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ ጆርጅ ማይክል የሚያንጎራጉረው። ከጎኔ ያሉት ፍቅረኛሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ዐይን ለዐይን እየተያዩ ያዳምጡታል። ዘፈኑ ባለፈው ገና ልቡን የሰጣት ልጅ በማግሥቱ ስለጣለችበት ሰው እሮሮ ነው። ልናገር አልናገር ስል ቆየሁና ቡናዬን ጠጥቼ ወጣሁ። ትርጉሙ የበተነው ትዳር እንዲኖር አልፈልግም።

ፍቅረኛሞቹ ያላወቁት ሌላም ነገር አለ። ከዚያ ሸክላ የተገኘው ገቢ በዚያ ዓመት ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች የተሰጠ ነው። በየካፌው ከሚጮኸው የፈረንጅ ዘፈን ሁሉ ከእኛ ጋር የሥጋ ዝምድና ያለው እሱ ነበር፤ እኛ ግን በልቅሶው ብቻ ነው የምናውቀው። ያን ዘፈን እንግሊዝ አገር አንደኛ ደረጃ እንዳይወጣ ያገደው ደግሞ ሌላ የእኛ ጉዳይ ነው። ወደዚያ ልምጣ።

በዚያ ክፉ ዓመት፣ በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ የኮረም ሰው ሲያልቅ ዓለም በቴሌቪዥን አየ። በዚያ ላይ ቀልድ የለም፤ የእርዳታ እጁን ለዘረጋም ምስጋና እንጂ ሌላ የለንም። ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር የዘመኑን ዘፋኞች ለንደን ውስጥ ሰብስበው፣ ጆርጅ ማይክልንም ጨምረው፣ ባንድ ኤድ የተባለውን ቡድን አቋቋሙ። ያወጡት ዘፈን በሚሊዮን የሚቆጠር ፓውንድ ሰበሰበ፤ ነፍስ አዳነ። «ላስት ክሪስማስ»ም ሁለተኛ ሆኖ ቀረ፤ አንደኛ ለመውጣት እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ታገሠ። ስለ ገንዘቡ እግዜር ይስጣቸው። እኔን የሚያስቀኝ የባንድ ኤድ ዘፈን ርዕስ ነው፤ «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?»

ጥያቄው የሚመለከተው በአራተኛው መቶ ዘመን በንጉሥ ኢዛና ጊዜ፣ በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን አስተማሪነት ክርስትናን የተቀበለ አገር ነው። ለእንግሊዞች ሊሰብክ የተላከው መነኩሴ አውግስጢኖስ ካንተርበሪ የደረሰው በ597 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛ ካህናት ያን ጊዜ ማሕሌት ቆመው ሊሆን ይችላል። ዘፈኑ በዚህ አያበቃም፤ ዝናብም ወንዝም እንደሌለን ያስረዳል። ይህ የተባለው ከናይል ውኃ 85 በመቶ ያህሉን ለምታፈስ አገር ነው። ግብጾች ቢሰሙት ምን ይሉ ይሆን? በአፍሪካ በረዶ የለም ብሎም ያዝናል። ስለ በረዶ አስቀድሜ ተናግሬያለሁ፤ የጎጃሙ ገበሬ ለዚህስ «እሰይ» ነው የሚለው።

ከሁሉም የገረመኝ ቀኑ ነው። ዘፈኑ የተቀረጸው እሑድ ኅዳር 16 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። በእኛ ቤት ጾመ ነቢያት ከገባ ሁለተኛ ቀኑ መሆኑ ነው። እነሱ ስቱዲዮ ገብተው «ያውቃሉ ወይ?» ሲሉ፣ የሚጠየቀው ሕዝብ የሚበላ ያለውም የሌለውም የገናን ጾም ይዞ ነበር። ጠያቂው ገናን ሲያስታውስ ተጠያቂው ገናን መጠበቅ ጀምሯል።

ዲሴምበር 25 ደርሶ ለንደን ስታከብር ደግሞ እኛ ዘንድ ታኅሣሥ 16 ነበር። «ያውቃሉ ወይ?» ቢባል ትክክለኛው መልስ «ኧረ ገና ነው!» የሚል ነበር። ዘግይተን እንዳይመስላችሁ። ታኅሣሥ 29 በድሮው የዩልዮስ አቆጣጠር ያው ዲሴምበር 25 ነው። በ1582 እ.ኤ.አ. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ አቆጣጠሩን ሲያስተካክሉ፣ አዋጁን የተቀበሉት አገሮች ኦክቶበር 4 ማታ ተኝተው ኦክቶበር 15 ነቁ። ልዩነቱ እያደገ ዛሬ 13 ቀን ሆኗል። እንግሊዝ ራሷ አሻፈረኝ ብላ እስከ 1752 እ.ኤ.አ. ቆይታለች። እስከዚያ ድረስ እንግሊዞች ገናን የሚያከብሩት ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ነበር። ቀኑን ለቀው የሄዱት እነሱ፣ «ቀኑን ያውቃሉ ወይ?» የሚባለው ለእኛ!

ይህን ሁሉ በልቤ ስፈትል ስልኬ ጮኸ። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። መልእክቱ ግን የእሷ አይደለም፤ እዚያ የተወለደችው የ10 ዓመት ልጇ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ፊደል ትቆጥራለች፤ የተማረችውን የምትለማመደው በእኔ ነው።

«ጋሼ እናንተ ጋ ዛሬ ገና ነው?» ብላ ጻፈች። ታኅሣሥ 16 ነው።

«ገና ነው» ብዬ መለስኩላት።

«እንኳን አደረሳችሁ!!!» አለችና ስድስት ጥድና አንድ የበረዶ ሰው ላከችልኝ።

የልጅቷ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ የፊደላችን ነው። ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን ሁሉ አንድ ልብስ አልብሶ ነው የሚልከው። ገና «ና»ው ሲጠብቅ በዓል ነው፤ ሲላላ «ቆይ» ማለት ነው። «በገና»ም ያው ነው፤ ቢጠብቅ በበዓሉ ቀን፣ ቢላላ ዳዊት የደረደረው ዐሥር አውታር። ደውዬ አስረዳኋት። ያው የእንግሊዞቹን ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ፤ ልዩነቱ እሷ መልስ እስኪመጣ ጠበቀች።

እነሱን ብቻ ተርቤ ባልፍ ግን ግፍ ይሆንብኛል። የእኛም የበዓል ዜማ ቢሆን ያን ያህል የሚያኮራ አይደለም። የበዓል ዝግጅት በቴሌቪዥን ስታዩ ቀጤማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ዶሮ ወጡ ላይ እንቁላሉ ተደርድሯል፤ ዘፋኙ በነጭ ልብሱ እስክስታውን ያወርደዋል። አንድ ዘፋኝ ወዳጄ ምሥጢሩን ነገረኝ፤ ቀረጻው የሚካሄደው ጾሙ ሳይወጣ ነው። «እንኳን አደረሳችሁ እንላለን፣ ዶሮዋን በዐይናችን እንቀምሳለን፣ ቀረጻው ሲያልቅ ሽሮ በልተን እንበተናለን።» ስቱዲዮውስ ከሱፐርማርኬቱ በምን ተሻለ? በዚያም በዚህም በዓሉ ከጾሙ ይቀድማል።

ደግሞ በቅብብል የሚዜም የሥራ ቀን መዝሙር አለን። ታኅሣሥ እንደባተ በየቢሮው ይጀመራል። አንዱ ከወዲያ ጠረጴዛ፣ «በግ ስንት ገባ?» ብሎ ይመራል። ሌላው ከወዲህ ዋጋውን ይጠራል። ጉባኤው በሙሉ፣ «ኧረ በማርያም!» ብሎ ይቀበላል። ከዚያ ወደ ቅቤ፣ ከቅቤ ወደ ሽንኩርት ይታለፋል። ይህን ዜማ ቅዱስ ያሬድ ከግዕዝ፣ ከዕዝልና ከአራራይ በየትኛው ይመድበው ነበር? ሙሾ ቢለው አልቀየመውም።

እውነተኛውን ቅብብል የፈለገ ግን ላሊበላ ይሂድ። ታኅሣሥ 29 ቀን ቤተ ማርያም ደጅ ካህናቱ ለሁለት ይከፈላሉ። ግማሾቹ ዐለቱ ጫፍ ላይ ይቆማሉ፣ ግማሾቹ ከታች ግቢው ውስጥ፤ የላይኞቹ በመላእክቱ ምሳሌ፣ የታችኞቹ በሰው ልጆች። «ቤዛ ኩሉ»ን እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። ከበሮው ከዐለቱ ሆድ ይወጣል፤ ጸናጽሉ ይከተለዋል። ከታች የሚመለከተው ስንቁን ቋጥሮ ቀናት በእግሩ የተጓዘ ገበሬ ነው። ምን እየተባለ እንደሆነ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። እናቴ እዚያ ብትሆን «ጌታስ?» ብላ አትጠይቅም።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ለመጠበቁም ዜማ ሠርታለታለች። ከገና በፊት ያሉት ሦስት እሑዶች ስም አላቸው፤ ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ። በመጀመሪያው ነቢያቱ «ይመጣል» ያሉት ይነገራል፤ በሁለተኛው ብርሃን ላክልን ይባላል፤ በሦስተኛው እረኛው ይጠራል። ሦስት እሑድ ሙሉ የሚዘመረው ስላልመጣው ነው። በመጨረሻ ግን «ተወለደ» ሲባል፣ ያ ሁሉ ናፍቆት በአንድ ሌሊት ይፈነዳል። ያን ሌሊት የቆመ ሰው ሲነጋ ዶሮ ወጡ የሚጣፍጠው ከበርበሬው ብቻ እንዳልሆነ ያውቀዋል። ለልጅቷ በስልክ ያስረዳሁት የሰዋስው ነገር እዚህም ይሠራል፤ ገና የሚጠብቀው ሲጠበቅ ነው። ሳይጠበቅ የመጣ ገና ሁልጊዜ እንደላላ ይቀራል።

የታኅሣሥ 28 ሌሊት እናቴ በ2 ሰዓት ወጣች፤ ከቅዳሴ ተመልሳ ሲነጋጋ በሩን አንኳኳች። ነጠላዋ የዕጣን ጠረን ይዟል። እግሯ አብጧል፤ ፊቷ ግን አብርቷል። ጠላው ቀርቧል፣ ድፎው ተቆርሷል፣ ወጡ ይንተከተካል። ሁሉም ሙሉ ሆኖ ሳለ ወደ መሳቢያው ቀና ብላ አየች።

«ምን ፈለግሽ፣ እማዬ?»

«ያ ፈረሰኛ የት ገባ?» አለችኝ። «በል አሁን ልቀቀው። ቀኑ ነው፤ እንደልቡ ይጋልብ።»

አውጥቼ ሰካሁት። አምፖሎቹ ተሯሯጡ፤ ሳጥኗም ትንኝኛዋን ጀመረች። እናቴ በመጀመሪያው ቁራሽ ድፎ ላይ አማተበችና በጣቷ ጠረጴዛውን እየመታች ተቀበለቻት።